“ቤቱ እንዳለ ይሸጥ” ከማለታችን በፊት

የዕድራችን ሰብሳቢ ቤት ሳይታደስ የመሸጥን ጉዳይ እንዳቀርብ የጠየቁኝ ባለፈው ክረምት ካረፉት እናታችን ቤት የተነሣ ነው። ብዙዎቻችሁ ለቅሶ ደርሳችሁ በዚያ ሳሎን ተቀምጣችኋል። አርባቸው ሳይወጣ ለልጆቻቸው ዐሥራ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ቤታችሁን ባለበት ሁኔታ በካሽ እንገዛለን፣ ምንም ማደስ የለባችሁም፣ በ7 ቀን ክሎዝ እናደርጋለን። ልጆቹ “ማን ነገራቸው?” ብለው ደነገጡ። ማንም አልነገራቸውም። የሟች ንብረት ጉዳይ ረጅስተር ኦፍ ዊልስ በሚባለው የካውንቲው መዝገብ ቤት ሲከፈት ፋይሉን ማንም ሰው ማየት ይችላል፤ ይህንን እየተከታተሉ ደብዳቤ መላክ ሥራቸው የሆነ ሰዎች አሉ።

እንደምታውቁት እኔ እዚህ ሜሪላንድ የቤት ኢንስፔክተር ነኝ። ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ቤዝመንት ውስጥ እንበረከካለሁ፣ የኤሌክትሪኩን ፓነል እከፍታለሁ። ቤት ሳያድሱ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ኪሳራም ላይሆን ይችላል። በጡረታ የሚኖር ሰው ለማይኖርበት ወጥ ቤት 40 ሺህ ዶላር የሚበደርበት ምክንያት የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቶ የከፈለውን ቤት፣ ምን ያህል እንደተበላሸ እንኳ ሳያስመረምር፣ በሐፍረትና በጥድፊያ መጀመሪያ ላንኳኳው የሚሰጥ ወገን አያለሁ።

ቃሉን እናጥራው። አገር ቤት የጨረታ ማስታወቂያ ላይ “ባለበት ሁኔታ” የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ “አዝ ኢዝ” ይሉታል። ሻጩ “አላድስም፣ ለማደሻም ብዬ ከዋጋው አልቀንስም” ብሎ አስቀድሞ መናገሩ ነው። ገዢው ቤቱን አያስመረምርም ማለት ግን አይደለም። ውሉ ከፈቀደለት ኢንስፔክተር ያመጣል፣ የሚያየው ካላማረውም ቀብዱን ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው፣ “ባለበት ሁኔታ” ከማደስ ነጻ ያወጣል እንጂ ከመናገር ነጻ አያወጣም።

በሜሪላንድ ሕግ ሻጩ በመደበኛው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ዲስክሎዠር ነው፤ ስለ ጣሪያው፣ ስለ መሠረቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ማሞቂያው የሚያውቀውን ቅጹ ላይ ይሞላል። ሁለተኛው ዲስክሌመር ነው፤ ስለ ቤቱ ሁኔታ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥና ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥ ፈርሞ ያስታውቃል። ሳያድስ የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይወስዳል። ነገር ግን በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ በጥንቃቄ ቢታይም ዐይን የማያገኘው፣ ለነዋሪው ጤና ወይም ደኅንነት አደጋ የሚሆን፣ እርስዎ ግን የሚያውቁት ጉድለት አለ? ካለ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ዲስክሌመር መርጫለሁ ማለት አያድንም። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ የእናንተ ሕግ ሸክሙን ወደ ገዢው ያዘነብላል፣ ገዢው ራሱ ይመርምር ይላል። እዚያም ቢሆን እያወቁ መዋሸትና መሸፋፈን አልተፈቀደም። ዲሲ ደግሞ የራሱ ቅጽ አለው።

የመሸፋፈንን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ የአንድ ወንድማችንን ቤት ላንሣ። ከቤዝመንቱ ግድግዳ ግርጌ ውኃ ይገባበት ነበር። ዘመድ መከረው፤ ሻጋታውን በበረኪና ጠርጎ በነጭ ቀለም ቀባው፣ ፊት ለፊቱ ሶፋ አስጠጋበት። ለማታለል ብሎ አይመስለኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ማሰማመር ያደግንበት ነው። የገዢው ኢንስፔክተር ሶፋውን ዞሮ የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋ መሣሪያው ጮኸ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጉዳዩ የውኃ መሆኑ ቀረ። ገዢው “ይህን የደበቀ ሌላስ ምን ደብቋል?” አለና ተነሥቶ ሄደ። በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዋጋ ላይ ተነጋግረው ይስማሙ ነበር። ቤቱ ተሸጦ፣ ገዢው ገብቶበት፣ ውኃው በኋላ ቢገኝ ደግሞ ፍርድ ቤት ይከተል ነበር። ጉድለት ሲጻፍ የዋጋ ጉዳይ ነው። ሲደበቅ የክስ ጉዳይ ይሆናል።

ባለበት ሁኔታ ሸጥንም አልሸጥንም የማይቀሩ ሌሎች ግዴታዎች አሉ። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ቀለሙ ውስጥ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ብረት ሊኖር ስለሚችል የምታውቁትን ለገዢ መንገር፣ የመንግሥትን የመረጃ ጽሑፍ መስጠትና ማስመርመር ከፈለገ 10 ቀን መፍቀድ የፌዴራል ሕግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ሞልተዋል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ በመደበኛው ነጠላ ቤት ከመሸጡ በፊት ለሬዶን እንዲመረመር ያዛል። ሬዶን ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር ዋና መንስኤ እሱ ነው። ልኬቱ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ከደረሰ እርምጃ ይመከራል። ታውንሀውስ ወይም ኮንዶ ያላችሁ ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ሰነድ ለገዢ መስጠት አለባችሁ። ያን ሰነድ ስታዝዙ ማኅበሩ መጥቶ የበረንዳው እንጨት በስብሷል፣ የመስኮቱ ቀለም ተልጧል ብሎ ሊጽፍባችሁ ይችላል። ያንን ማን እንደሚያስተካክል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ይነሣል።

ስለ ቤዝመንት ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ማኅበረሰብ ጉዳይ ነውና። አዲስ የመጣ ዘመድ ያላስጠጋ ቤዝመንት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለን ሰዎች ስንቱ ጋ ይገኛል? ያሠራነው በእጅ ባለሙያ ወንድማችን ነው፣ ፈቃድ ሳናወጣ። ክፍሉ ለእሳት ጊዜ መውጫ የሚሆን መስኮት የለው ይሆናል፤ ሁለተኛው ምድጃ በተራ ሽቦ ተቀጥሎ ይሆናል። ስትሸጡ “አምስት መኝታ ቤት” ብላችሁ አታስጽፉ። መውጫ መስኮት የሌለውን ክፍል መኝታ ቤት ማለት ሐሰት ነው፣ ደግሞም ሰው ይተኛበታል። “ቤዝመንቱ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው” ብሎ መጻፍ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ሌሊት ግን ያስተኛችኋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሳይታደስ የሚሸጥን ቤት ማን ይገዛዋል? ይህን ማወቅ ዋጋውን ማወቅ ነው። ቤት ገዢ ወጣቶቻችን ብዙዎቹ የሚገቡት 3.5 በመቶ ብቻ ቅድሚያ ክፍያ በሚጠይቀው በኤፍኤችኤ ብድር ነው። ያ ብድር ቤቱን የሚገምት ሰው ይልካል። ጣሪያው ካፈሰሰ፣ ማሞቂያው ካልሠራ፣ አሮጌ ቤት ላይ ቀለሙ ከተላጠ፣ ያ ሳይስተካከል ብድሩ አይለቀቅም። ስለዚህ “ምንም አልነካም” ስትሉ እነዚህን ገዢዎች በር ላይ እየመለሳችሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ 600 ዶላር የማትሞላ የማሞቂያ ጥገና እነሱን መልሳ ታስገባለች። ወጥ ቤቱ አሮጌ መሆኑ፣ ምንጣፉ ማለቁ፣ መታጠቢያ ቤቱ የድሮ ሮዝ ሸክላ መሆኑ ግን ብድር አይከለክልም። ልዩነቱን ሳያውቁ የማያስፈልገውን አድሰው የሚያስፈልገውን የተዉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ቤቱን ጠግኖ መኖሪያ የሚያደርግ ሰው ደግሞ 203 ኬ የሚባል የእድሳት ብድር አለለት፤ የመግዣውንም የማደሻውንም ገንዘብ በአንድ ላይ ይይዛል።

የደብዳቤዎቹ ላኪዎች የሚያሰሉት በሌላ መንገድ ነው። በሥራቸው የታወቀ ስሌት አላቸው፤ ቤቱ ታድሶ የሚያወጣውን ዋጋ 70 በመቶ ይወስዱና ከዚያ ላይ የማደሻውን ወጪ ይቀንሳሉ። ክብ ቁጥር ላድርገው። ታድሶ 400 ሺህ የሚሸጥ፣ ማደሻው 50 ሺህ የሚፈጅ ቤት እንያዝ። የ400 ሺህ 70 በመቶ 280 ሺህ ነው፤ 50 ሺህ ሲነሣለት 230 ሺህ። የሚያቀርቡላችሁ ይህን ወይም ከዚህ በታች ነው። ያው ቤት፣ ያው ጣሪያ፣ ያው ምንጣፍ፣ ሳይታደስ ጽዱ ሆኖ በኤጀንት በኩል ለሁሉ ገበያ ቢቀርብ፣ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ የማደሻውን 50 ሺህና ለድካሙ ሌላ 20 ሺህ ቀንሶ 330 ሺህ ቢሰጥ፣ ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ወጪ 25 ሺህ ቢወጣ እንኳ 305 ሺህ በእጅ ይገባል። ልዩነቱ 75 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሒሳብ አለው። ግን ሒሳቡን ሳትሠሩ አትፈርሙ።

ሌላም አለ። ደብዳቤ ከሚልኩት ብዙዎቹ ገዢዎች አይደሉም። ውሉን ከእናንተ ጋር በ230 ሺህ ይፈራረሙና ያንኑ ውል ለሌላ ሰው በ250 ሺህ አሳልፈው ይሸጣሉ። ሆልሴለር ይባላሉ። ውሉ ላይ ከገዢው ስም ቀጥሎ “ወይም መብቱን የሚያስተላልፍለት ሰው” የሚል ሐረግ ፈልጉ። ቀብዱ 100 ዶላር ሆኖ የመመርመሪያው ጊዜ 45 ቀን ከሆነ፣ ሰውየው እናንተን አሥሮ ሌላ ገዢ ሊያስስ እንደሆነ ጠርጥሩ። ገንዘቡ እንዳለው የባንክ ማስረጃ ጠይቁ፤ ጠንከር ያለ ቀብድ የስም ዝውውሩን በሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ዘንድ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ። እውነተኛ ገዢ በዚህ አይቀየምም።

በካሽ መሸጥ ልክ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለም ልናገር ይገባል። ቤቱ በእሳት ወይም በውኃ ተጎድቶ የማይኖርበት ሲሆን፣ ባንኩ ለሐራጅ ቀን ሲቆርጥ፣ ወራሾቹ በየአገሩ ተበትነው ወርኃዊ ክፍያው የሚሸከመው ሲያጣ። እንደዚያ ሲሆን እንኳ ከአንድ ሳይሆን ከሦስት ሰው ዋጋ ተቀበሉ።

ከዚህ ውጭ ለምን እንቸኩላለን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የግብር ሕጉ ራሱ ጊዜ ይሰጣል፤ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው፣ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ የነበረውን ከትርፍ ግብር ነጻ የሚሆን 500 ሺህ ዶላር፣ መስፈርቱን አሟልቶ ዳግመኛ እስካላገባ ድረስ፣ ጓደኛው ከሞተበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሸጠ ሙሉውን ሊጠቀምበት ይችላል። ለብቻው ሲሆን 250 ሺህ ነው። ወራሽ ልጆች ደግሞ ግብራቸው የሚሰላው ወላጅ በገዙበት ዋጋ ሳይሆን ወላጅ ባረፉበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው። በ1994 በ120 ሺህ የተገዛ ቤት በዕለቱ 330 ሺህ ያወጣ ከነበረና በዚያው ከተሸጠ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ የለም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ባረፉበት ቀን የነበረው የቤቱ ግምት ነው፤ ባለፈቃድ ገማች አስመጥታችሁ አስጽፉት። ደብዳቤ ጻፊዎቹ ይህን አይነግሯችሁም።

ቤቱ ባዶ የሚቆይ ከሆነ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ። ብዙ ውሎች ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ። ክረምት ከሆነ ዋናውን ውኃ ዝጉ፣ ማሞቂያው ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታች አይውረድ። የፈነዳ ቧንቧ “ባለበት ሁኔታ” የነበረውን ቤት በአንድ ሌሊት ሌላ ቤት ያደርገዋል።

ጠቅልላችሁ አገር ቤት የገባችሁ፣ ወይም ለመግባት ያሰባችሁ፣ ለሚሸጥላችሁ ሰው የምትሰጡት ውክልና ቤቱን በአድራሻው ጠቅሶ መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ ይሁን፤ ከመፈረሙም በፊት ታይትል ካምፓኒው ረቂቁን ይየው። ግሪን ካርዳችሁን የመለሳችሁ ከሆነ በመደበኛው ከሽያጩ ዋጋ 15 በመቶ ለፌዴራል ግብር ተይዞ ሊቆይ ስለሚችል የግብር ባለሙያ ቀድማችሁ አማክሩ።

የእናታችን ልጆች ደብዳቤዎቹን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ከትተዋቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸውን ዞሬ አየሁላቸው። ጣሪያው ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረዋል፣ ማሞቂያው አሮጌ ነው ግን ይሠራል፣ የቤዝመንቱ ደረጃ መደገፊያ የለውም። አራት ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። አላድስም ብለዋል፣ ልክ ናቸው። አራቱን ገጽ ግን ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ያሳያሉ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያላችሁ፣ ወይም ሰው አስፈርሞኛል የምትሉ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ኑ። መነጽሬን ይዣለሁ፤ አዳራሹን እስክንለቅ አንድ ሰዓት አለን። መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን፤ የፈረማችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ለእናንተ ነው።