መድኃኒት የሌለበት መርፌ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም ስለ መርፌ ነው። በአገራችን መርፌ ምን ያህል እንደሚከበር ለእናንተ መንገር አያሻም። ሰው ከጤና ጣቢያ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ እንደ ሆነ «ሳይወጉኝ ሰደዱኝ» እያለ ያዝናል። የእኔም አያት እንዲሁ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በእንስራ፣ በኋላም በጀሪካን ውኃ ስትሸከም ስለ ኖረች የቀኝ ትከሻዋ ይቆረጥማታል፤ ሕመሙም በአንገቷ ወጥቶ እስከ ራሷ ይደርሳል። ጎረቤቱ ሁሉ «የፍላቂት ብርድ ነው» ይላል። ዋግምትም ታገመች፤ ደሟ በቀንድ ተመጠጠ፤ ለሁለት ቀን ቀለል አላትና እንደ ገና ተመለሰባት።

ባለፈው ዓመት ወጌሻ ተጠራ። ትከሻዋን ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ሲፈልግ ከአንድ ቦታ ላይ ደረሰ፤ አያቴም «እዚያ ነው! ራሴ ድረስ ተሰማኝ» ብላ ጮኸች። እኔም ዳሰስሁት፤ በተወጠረው ጡንቻ ውስጥ እንደ ባቄላ ፍሬ የጠጠረ ነገር ነበረ። የወጌሻው ጣት ያገኘው ቋጠሮ በሐኪሞች መጽሐፍ የተጻፈ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃኔት ትራቬል፣ እንዲህ ያለው ቋጠሮ ራሱ ካለበት ራቅ ወዳለ ስፍራ ሕመም እንደሚልክ በሰፊው ጽፈዋል። እርሳቸው ቋጠሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወጉት ነበር። የፕራጉ ሐኪም ካሬል ሌዊት ግን በ241 ሕመምተኞች ላይ 312 የሚያሙ ቦታዎችን በባዶ መርፌ ወግተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። ከመቶ 87 በሚያህሉት ቦታዎች ሕመሙ ወዲያው ታግሦ ነበር። እንግዲህ ሥራውን የሠራው መድኃኒቱ ሳይሆን መርፌው ራሱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህም «ደረቅ መርፌ» ተባለ።

መርፌው እንደ ቻይናዎቹ መርፌ ቀጭን ነው፤ ቀዳዳም የለውም። ቻይናዎች የሚወጉትን ቦታ የሚመርጡት በጥንታዊ ትምህርታቸው ሲሆን፣ የደረቅ መርፌ ባለሙያ ግን ልክ እንደ ወጌሻው በጣቱ ይፈልጋል። መርፌው ቋጠሮውን ሲነካው ጡንቻው ድንገት ይርገበገብና ይላላል።

ይህን ንግግር ለማድረግ ሁለት ጊዜ አመንትቻለሁ። ምክንያቱም ከእናንተ አንዱ ወደ ቤቱ ተመልሶ ወስፌ ያነሣ ይሆናል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። እባካችሁ አታንሡ! ከትከሻና ከጀርባ ጡንቻ በታች ሳንባ አለ፤ ያልተማረ እጅ ሳንባን ይበሳል። ለአንድ ሰው ያገለገለ መርፌም ለሌላው የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ ሥራ የሰውን አካል ለተማረ፣ በተለይም በዚሁ ለሠለጠነ ሰው ነው። ከእኛ መንገድ በደብረ ታቦር አልፎ፣ ከወረታ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ጎንደር ይደርሳል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ከዚህ አዳራሽ አንድ ሁለት ተማሪ ወደዚያ ቢሄድ ደስታዬ ነው።

ስለ አያቴ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠይቄ ነበር። ደረቅ መርፌ ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሊያስታግሥላት እንደሚችል አስረዱኝ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ትከሻዋን በየዕለቱ ካላሠራችና ሸክሙ ካልቀለለላት ቋጠሮው እንደሚመለስ ነገሩኝ። የሚያሠሩትንም እንቅስቃሴ አሳዩኝ። እኔም ይህን ሁሉ ለአያቴ አስረዳሁ። እርሷም በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ፣

«መልካም ልጄ፤ ታዲያ ውኃውን ማን ይቀዳል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ እርሷም በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሸከመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ምንጭ ዳር ያሉት ልጃገረዶች «ወንድ ውኃ ሊቀዳ መጣ!» እያሉ ሳቁብኝ፤ አሁን ግን ተራዬን ይጠብቁልኛል። አያቴም ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ፊት ቆማ ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ አያታለሁ፤ ከጆሮዋ አልፎ ይወጣ ያልነበረው ክንድ ዛሬ ከራሷ በላይ ይዘረጋል። መርፌውን ገና አላገኘችም፤ መንገዱም ሩቅ ነው።

ፈተናዬን አልፌ የሄድሁ እንደ ሆነ ጀሪካኑን ማን እንደሚያነሣ ገና አልተነጋገርንም። ታናሽ ወንድሜ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል።