ማን ይነዳል?

በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር



አስተባባሪዎቹ ከሥራ ውጭ ስላለው ሕይወታችን እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ብዙዎቻችን ዕረፍት ስንል የምናወራው ከዱቲ ማግስት ስለሚተኛው እንቅልፍ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ሁለታችንም ሐኪሞች፣ ከሠርጋችን ጀምሮ «ለሚቀጥለው ዓመት» እያልን 15 ዓመት አሳለፍን። በመጨረሻ ግን ሄድን። ፈረንሳይ፣ የወይን አገር፣ በመኪና፣ ስድስት ቀን። ዛሬ ስለ ወይኑ ጣዕም አላወራችሁም፤ በዚያ ከእኔ የሚሻሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልተዋል። የማወራው ስለ ዕቅዱ ነው፤ ያጣላንም ያስታረቀንም እሱ ነበርና።

ባለቤቴ ቀዶ ሐኪም ነው፤ አንዴ ከገባ ሁሉንም ጨርሶ መውጣት ይወዳል። ሻምፓኝን፣ አልዛስን፣ ቡርጎኝንና ቦርዶን በስድስት ቀን የሚያካልል ዝርዝር ሠርቶ መጣ። የአልዛስ የወይን መንገድ ብቻውን 170 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ቦርዶ ለመድረስ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መንዳት ያስፈልጋል። «ይሄ ዕረፍት ነው ወይስ ራውንድ?» አልኩት። ሳቀና ሦስቱን ሰረዘ።

የቀረችው ቡርጎኝ ነበረች። ከዲዦን ከተማ ተነስቶ ሳንትኔ እስከምትባል መንደር የሚወርደው የወይን መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዠቭሬ ሻምበርታን፣ ኑዊ ሳን ዦርዥ፣ ቦን፣ ፖማር፣ ሁሉም በዚሁ መስመር ላይ ናቸው። ክሊማ የሚሏቸው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም ያላቸው የወይን ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ወሩንም ግንቦት አደረግነው። መስከረም የወይን ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ባለ ወይኖቹ እንግዳ ለማስተናገድ ፋታ የላቸውም፤ ግንቦት ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ማን ይነዳል?

«በተራ ነዋ» አለ። «ቅምሻ እኮ ነው! ሁለት ሦስት ጉንጭ ምን ያደርጋል?»

እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በቃሬዛ የሚገቡትን የማያውቅ እዚህ የለም። «ሰክሬ ነበር» ያለኝ ሾፌር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ሁሉም «ሁለት ብቻ» ነው የሚሉት። ኮሪደር ላይ ቆሜ ለአንዲት ሴት ባሏ እንዳልተረፈ የነገርኩበት ሌሊት አለ። እሷም «ሁለት ብቻ እኮ ነው የጠጣው» አለችኝ። ይህን ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ማታ ነገርኩት።

ከዚያም ወረቀት አወጣሁና ሁላችንም ተምረን የረሳነውን ስሌት ሠራሁ። በፈረንሳይ ሕግ የሾፌር ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፤ ለጀማሪ ሾፌር 0.2። አሥር ሳንቲ ሊትር ወይን 10 ግራም ያህል አልኮል አለው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአንዱ ወደ 0.28 ትደርሳለች፣ በሁለተኛው ጣሪያውን ታልፋለች። 80 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በሦስተኛው ያልፋል። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው ከ0.10 እስከ 0.15 ገደማ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። አንድ የወይን ጓዳ ውስጥ ደግሞ አምስት ስድስት ዓይነት ሊቀዳላችሁ ይችላል።

ባለቤቴ ወረቀቱን አየና «እሺ፣ አንቺ ነጂ፣ እኔ ልጠጣ፤ ታዲያ ያኔ ማነው ያረፈው?» አለኝ። ቆይቶም «አንቺ እኮ ቤትም ዱቲ ላይ ነሽ» አለ።

ይቺ ወጋችኝ። እውነት ነበረች። ልጆቹ ሲያተኩሳቸው የምነቃ እኔ፣ በሩ መቆለፉን የማጣራ እኔ፣ በግብዣ ላይ ለስላሳ የምይዝ እኔ። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴን ነው የመደብኩት። ለዕረፍቱም ሳልጠየቅ ራሴን መድቤ ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱን ከሥሩ ቀየርነው። የምንነዳባቸውን ቀኖች ከምንጠጣባቸው ለየን። ማደሪያችንን ቦን ላይ አደረግን። በመጠጫው ቀን መኪናው ይቆማል፤ ወደ ፖማር በወይን ማሳው መካከል በእግር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ኑዊ ሳን ዦርዥ ደግሞ ባቡር አለ። በመንጃው ቀን የሚነዳው ሰው ይቀምሳል፣ ይተፋል። መትፊያው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። አያቴ ብርሌ ጠጅ ቀድታልኝ ብተፋው ኖሮ ዳግመኛ ቤቷ አልገባም ነበር!

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልጨምር። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ያስፈልጋል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጡ። ከፓሪስ መንዳት አትጀምሩ፤ ፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም ሳይርቅ ዲዦን ያደርሳችኋል፣ መኪናውን እዚያ ተከራዩ። አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አስይዙ፣ አለበለዚያ ማርሽ ይጠብቃችኋል። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፣ ከትንሽ የመንደር መንገድ ቢወጣም። የወይን ጓዳዎችን በቀጠሮ ጎብኙ፤ በቀን ከሁለት አትብለጡ። ምሳ ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ በገጠሩ ካለፋችሁ ኩሽናው ተዘግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከሁሉም በላይ አንድ ቀን ባዶ ተዉ።

እኛም አንድ ቀን ባዶ ትተን ነበር። በዚያ ቀን ቦን ከተማ ውስጥ ያለውን ኦቴል ዲዩ አየን። ሁለት ሐኪሞች ዕረፍት ወጥተው የት ገቡ ቢባል፣ ሆስፒታል! የቡርጎኝ መስፍን ዋና ሹም የነበረው ኒኮላ ሮላን ከሚስቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋር በ1443 ለድሆች ያቆመው ነው። የመጀመሪያውን ሕሙም በ1452 ተቀበለ፣ እስከ 1971 ድረስም ሲያክም ኖረ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ሰዎች ባለፉት ዘመናት የወይን ማሳ እየሰጡት ኖረዋል። ወይኑ ከ1859 ጀምሮ በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታው አሁንም በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ ይካሄዳል፣ ገቢውም ለሕክምና ሥራ ይውላል።

በትልቁ አዳራሽ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ወለሉ ላይ የባልና የሚስቱ ስም መጀመሪያ ፊደሎች ተጣምረው፣ ከጎናቸውም «ብቸኛዋ» የሚል ቃልና የኮከብ ምስል ተቀርጿል፤ ሮላን ለሚስቱ ያለውን ፍቅር የገለጸበት ነው ይባላል። እሱ በ1462 ሲሞት ጊጎን ወደ ሆስፒታሉ ገብታ በ1470 እስክታርፍ ድረስ ሕሙማኑን አገለገለች። የተቀበረችውም እዚያው ነው።

ባለቤቴ ወለሉን ሲያይ ቆየና «እነሱም ዱቲውን ተካፍለዋል» አለኝ። ያን ዕለት ማታ መኪናው ቆሞ ነበር። ሁለታችንም አንዳንድ ብርጭቆ ይዘን ተቀመጥን። ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን እንጃ፣ ሰዓቴን አላየሁም።

ጓደኞቼ፣ ቡርጎኝ ባትሄዱም ላንጋኖ ወይም ጎንደር ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ «ማን ይነዳል?» ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ ያ ሰው አላረፈም።