ቪዲዮ በዲቪዲ ከመቅዳት በፊት ስለሚገባው ስሌት

እሱ፦ በጫሞ ሐይቅ ዳር ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎችና የጋሞን የመስቀል በዓል ቀርጸው ለመጪው ትውልድ በዲቪዲ ለማኖር የሚደክሙ ወጣቶች፣ ድካማቸው ከዲስኩ ልክ አልፎ ከንቱ እንዳይቀር፣ መጠኑን አስቀድመው ሊያሰሉ ይገባቸዋል።

እሷ፦ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በምን ይሰላል?

እሱ፦ የቪዲዮው ርዝመት በሰከንድ ተቈጥሮ፣ በየሰከንዱ በሚፈሰው ሜጋቢት ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ሜጋባይቱ ይገኛል። 2 ሰዓት፣ ከነድምፁ በ5 ሜጋቢት፣ 4.5 ጊጋባይት ይሆናል።

እሷ፦ ተራው ዲስክ 4.7 ስለሚይዝ ይበቃዋላ!

እሱ፦ አዎን፤ ትራፊውም ለማውጫው ይሆናል። ኮምፒውተር ግን በ1024 እየቈጠረ ያንኑ ዲስክ 4.37 ብሎ ቢያሳይ፣ አይደንግጡ።

እሷ፦ 3 ሰዓት ቢሆንስ? ወደ 3.3 ሜጋቢት ዝቅ ቢደረግ ይገባል።

እሱ፦ መግባቱስ ይገባል፤ ነገር ግን የሐይቁ ሞገድና የጭፈራው እንቅስቃሴ ብዙ መረጃ ስለሚሹ ምስሉ ይጐዳል።

እሷ፦ ለጸጥተኛው ትዕይንት ጥቂት፣ ለሚንቀሳቀሰው ብዙ እንዲያከፋፍል ፕሮግራሙን ማዘዝ ይቻላል እኮ።

እሱ፦ መልካም ብለዋል፤ ቢሆንም እኔ 8.5 ጊጋባይት የሚይዘውን ባለሁለት ንብርብር፣ ወይም ሁለት ዲስክ እመርጣለሁ።

እሷ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ አስቀድማችሁ አስሉ፤ ያልተጨመቀውንም ዋና ቅጂ ከቶ አታጥፉ።