ማጀትና ችሎት



«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ሲባል ሰምተን አድገናል። ተረት ሲደጋገም እውነት ይመስላል። እስቲ በየቤታችን እንይ። ከወንድ እኩል ስታርም፣ ስታጭድ የምትውለው ማን ናት? እህሉን ከመኸር እስከ መኸር የምታብቃቃው፣ ለዘር የሚሆነውን ለይታ የምታስቀምጠውስ? ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ለችሎት ዕውቀት ያንሳታል ወይ?

ተረቱ ሕግ ውስጥም ገብቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ የበላይ ባል ነው ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት ያስተዳድሩ አለ። በአማራ ክልልም የባልና ሚስት የመሬት ደብተር የሁለቱንም ስም ይይዛል።

እናቴም ደብተሯን በሣጥን አኑራዋለች፤ ነገር ግን ስሟን አታነበውም። እኔን ተማሪ ቤት ሰደደችኝ፤ እሷን የሰደዳት አልነበረም። መሬቷን ሰው ቢከራከራት ደብተሩን ሌላ ሰው ሊያነብላት ነው።

ስለዚህ አባቶች፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ያህል ሕፃኑን እናንተ ያዙ፤ እናቶች ይማሩ። እናቶችም፣ «እኔ ሴቷ ምን አውቄ!» አትበሉ። ታውቃላችሁና!