ተማሪው ሐኪም ራሱን ሲመዝን

አንደኛ አቅራቢ፦ እህቴ፣ የሕክምና ተማሪ «ምልክቶችን አገናዝቤ በሽታውን የመለየት ችሎታዬ ጥሩ ነው» ሲል ምን ያህል እንመነው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በጥንቃቄ! በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡትን ግምት ከሌሎች ምዘና ጋር ያስተያዩ 20 ንጽጽሮችን ሰብስቦ ነበር። በ13ቱ ዝምድናው ደካማ፣ ጭራሹኑ የሌለ ወይም ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ።

አንደኛ አቅራቢ፦ እነዚህ እኮ የተመረቁ ሐኪሞች ናቸው! ታዲያ ተማሪው ራሱን አይመዝን?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይመዝን፤ ብቻውን ግን አይሁን። ትኩሳት ያለበት ሕመምተኛ ሲመጣ «ወባ ነው» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ታይፎይድን፣ ታይፈስን፣ የሳንባ ምችን ያስብ። ግምቱንና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይጻፍ። የላብራቶሪው ውጤት ሲደርስ ያስተያየው።

አንደኛ አቅራቢ፦ መምህሩም መልሱን ብቻ መስማት የለበትም። «እዚህ ድምዳሜ ላይ እንዴት ደረስክ? የማይገጥመው ምልክት የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በአጋጣሚ የተገኘ ትክክለኛ መልስ ነገ ሌላውን ሕመምተኛ አያድንም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነህ። «አላውቅም፣ ልጠይቅ» የሚል ተማሪ ሊከበር እንጂ በጓደኞቹ ፊት ሊሸማቀቅ አይገባም። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ድፍረት ያስተምሩልን!