ቀድሞ የሚሸጠው ጠቦት



በላስታ ደጋ በግ የቤቱ ጥሪት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ደብተር፣ የበዓል ወጪ ሁሉ ከበረቱ ይወጣል። ዓውደ ዓመት ሲቃረብ ወደ ላሊበላ ገበያ ቀድሞ የሚነዳው ፈጥኖ ያደገው፣ ላቱ የሞላው ጠቦት ነው። ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ! በመንጋው ቀርቶ እንስቶቹን የሚያጠቃው ገዢ ያጣው ይሆናል። ቤተሰቡ ከችግሩ ይወጣል፤ መንጋው ግን በየትውልዱ እየቀጨጨ ይሄዳል።

ለብዙ ዓመታት መፍትሔው ከውጭ ተፈለገ። አዋሲ የተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ደብረ ብርሃንና አመድ ጉያ ባሉ ማዕከላት ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ። ምን ዓይነት በግ እንደሚሻለው ግን ባለ በጉን ቀርቦ የጠየቀው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለትርፍ ያልቆሙት ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ኢካርዳና ኢልሪ፣ ከቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና ከአገራችን የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው ሥራውን ከባለ በጉ ጀመሩት፤ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአርብቶ አደሩ አገር በአፋር። ግልገሉ ሲወለድና ጡት ሲጥል ይመዘናል፤ የዘር ሐረጉም ይመዘገባል። በምርጫው ቀን የመንደሩ ጠቦቶች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። መዝገቡ ይታያል፤ ከዚያ የገበሬዎቹ ኮሚቴ ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቁመናውን አገላብጦ አይቶ ይወስናል። የተመረጠው አውራ ጎረቤታሞችን በጋራ ያገለግልና ዘመድ ከዘመድ እንዳይዋለድ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል፤ አለዚያም ይሸጣል።

ለላስታ ቅርቡ ምሳሌ ዋግ ነው። የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህንኑ አሠራር ለአበርገሌ ፍየል አውሎታል። እዚያ ፍየል ትታለባለችና የእናቲቱ ወተትም ይለካል።

የላስታው በግስ? ዶክተር ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን በጎች በየዝርያቸው ሲለዩ፣ የሰሜን ወሎ ደጋው «ጥቁር» በግ በስሙ ሰፍሯል። ውርጩን ችሎ በአጭር ሣር የሚያድር በግ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ሕዝብ ምርጫውን ራሱ ሊመራ ይገባል።

ባለቤቱ ግን ዕዳ አለበት፤ «ጠቦትህን አትሽጥ» የሚል ምክር ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ፣ ውድ የእንስሳት ሀብት ተመራቂዎች፣ ሚዛንና መዝገብ ይዛችሁ መንደር ከመግባታችሁ በፊት፣ የመንደሩ ማኅበር ምርጡን ጠቦት በገበያ ዋጋ ስለሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከረጂ ድርጅቶች ጋር ተነጋገሩ። ንግግሩም የበዓል ገበያ ሳይደርስ ይጀመር።