መሥሪያ ቤትን ለጉባኤ ወጪ ስለ ማሳመን
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ በውጭ አገር በሚደረግ የሙያ ጉባኤ ለመካፈል የሚያቀርበው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የጉባኤውን ታላቅነት፣ የተሰብሳቢውን ብዛትና የከተማውን ዝና ይተርካል። ገንዘቡን የሚፈቅደው ኃላፊ ግን «ለእኛ ምን ይዞ ይመጣል?» ብሎ ወረቀቱን ሲያገላብጥ መልስ አያገኝበትም። ማመልከቻው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የቆቃ ግድብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ይህ የ43 ሜጋዋት ጣቢያ፣ አዋሽ ከደጋው እየጠረገ በሚያመጣው ደለል የተነሣ ውኃ የመያዝ አቅሙ ክፉኛ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የታላላቅ ግድቦች ኮሚሽን ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል፤ የሚወያይባቸውም ጥያቄዎች አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ደለልን የሚመለከት ሲገኝ፣ የግድቡ መሐንዲስ ማመልከቻውን ከዚያ ይጀምር፦ እስከ ዛሬ የተለካው ደለል ይህን ያህል ነው፤ በታችኛው መውጫ ማጠብ ያዋጣ እንደሆነ ገና አልተወሰነም፤ ይህንኑ የሞከሩ ባለሙያዎች ውጤታቸውን በጉባኤው ያቀርባሉ። ያን ጊዜ ጥያቄው የመንገደኛው መሆኑ ቀርቶ የግድቡ ይሆናል።

ወጪው ሳይሸፋፈን ይጻፍ። የመመዝገቢያው፣ የአውሮፕላኑና የውሎ አበሉ ሂሳብ፣ በተለይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው፣ ተለይቶ ይታይ፤ በሌለበት ሥራውን ማን እንደሚሸፍንም ይገለጽ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወራት ያልገባ ማመልከቻ መስከረም ላይ «በጀት አልተያዘም» ከሚል መልስ አያመልጥም።

በግልጽ የማይነገር ጥርጣሬም አለ። ጉዞን እንደ ዕቁብ በተራ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች አይጠፉም፤ አምና ሄዶ የጉባኤውን ቦርሳ ብቻ አንጠልጥሎ የተመለሰ ሰው ደግሞ የዘንድሮውን አመልካች በር ይዘጋል። ስለዚህ መሐንዲሱ በተመለሰ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት እንደሚያቀርብ፣ ለባልደረቦቹ የግማሽ ቀን ገለጻ እንደሚሰጥ፣ ጥናቶቹንም ለቤተ መጻሕፍት እንደሚያስረክብ ቃሉን በጽሑፍ ያስፍር።

ከተከለከለም የጉባኤው ጥራዝ እንዲገዛለት ይጠይቅ። ዋጋው ከአውሮፕላን ቲኬት እጅግ ያነሰ ነው፤ ኃላፊውም ሁለተኛውን ጥያቄ እምቢ ማለት ይከብደዋል።